ሳንቲም የምታህል ባትሪ

ሱዳን ውስጥ፣ ኒው ሀልፋ ገበያ ላይ አንድ አበሻ «ስንት ሰዓት ነው?» ሲሉት ከሰዓቱ በፊት የጠያቂውን ፊት ያያል። ጠያቂው ጀለቢያ ከለበሰ መልሱ «አስር» ነው። ጠያቂዋ ነጠላ ካደረገች «አራት»። ከመተማ የደወለ ወንድሙ ከሆነ ደግሞ «አምስት»። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ ጠዋቱ አንድ፣ ፀሐይዋም አንዲት ናት። ቀኑን የጠየቁት እንደሆነ ትንሽ መታገሥ ያስፈልጋል፤ የሂጅራውን ለጎረቤት ረመዳን፣ የፈረንጁን ለቢሮ፣ የእኛን ለማርያምና ለሚካኤል ለይቶ ያስቀመጠ ሰው ነውና።

አስርንና አራትን ያራራቀው ልማድ ነው። አራትንና አምስትን የለያየው ግን መንግሥት ነው። ሱዳን እ.ኤ.አ. በጥር 2000 ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት ገፍታ ከአዲስ አበባና ከናይሮቢ ጋር ገጠመች። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2017 ደግሞ ወደነበረበት መለሰችው። ከዚያ ወዲህ ከመተማ ዮሐንስ ተነስቶ ወደ ገላባት የተሻገረ መንገደኛ ጫማው ገና አቧራ ሳይዝ አንድ ሰዓት ያተርፋል። ሲመለስ ይከፍላታል።

ሰው ይህን ሁሉ ይችለዋል። ያቃተው ላፕቶፕ ነው።

ኒው ሀልፋ ራሷ ከቦታዋ ተነቅላ የተተከለች ከተማ ናት። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ውሃ ዋዲ ሀልፋን ሊውጥ ሲቃረብ፣ ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ ኑቢያውያን ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአባይ ዳር ተነስተው በባቡር እዚህ ደረቅ ሜዳ ላይ ወረዱ። የተሠሩላቸው መንደሮች በቁጥር ይጠራሉ። ውሃቸው የሚመጣው ከኻሽም አል ጊርባ ግድብ ነው፤ ግድቡ የቆመው በአትባራ ወንዝ ላይ ነው። አትባራ ደግሞ እኛ ጓንግ የምንለው ከጎንደር ደጋ የሚወርደው ውሃ ነው፤ ተከዜም ሰቲት ተብሎ ከግድቡ በላይ ይቀላቀለዋል። ስለዚህ የአርማጭሆ ልጅ ኒው ሀልፋ ቦይ ላይ ፊቱን ሲታጠብ የአገሩን ውሃ ነው የሚያገኘው፤ አፈሩም አብሮ አለበት።

እንበልና እዚህ ገበያ ውስጥ፣ በራኩባ ጥላ ሥር፣ አንድ የአርማጭሆ ልጅ ስልክና ላፕቶፕ ይጠግናል። ወደ ገዳሪፍ የመጣው ሰሊጥ ሊያጭድ ነበር፤ ማጭዱን በካቻቢቴ ለወጠ። ከጎኑ ጀበና ጥዳ ቡና የምትሸጥ፣ እሱ «እትዬ» የሚላት የአገሩ ሴት አለች። ወሩ ግንቦት፣ ዓመቱ 2017 ዓ.ም. ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ወጥቷል፤ የሱዳን ጦርነት ሦስተኛ ዓመት ስለሆነ መብራትና ኔትወርክ ሲመጡ እንደ እንግዳ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይባላሉ። አንድ ኑቢያዊ መምህር ላፕቶፓቸውን ይዘው ከራኩባው ገቡ።

ኡስታዙ የሕመሙን ምልክት ዘረዘሩ፦ ይሞቃል፣ ይንቀራፈፋል፣ ኢንተርኔት አይከፍትም። ምርመራውንም ራሳቸው ጨርሰው ነው የመጡት፤ «ቫይረስ ነው፣ ያ ወለዲ» አሉ። ጎን ለጎን ጫማ የሚያድሰው ሰውዬ «ኮረንቲው ነው» አለ። የስልክ ካርድ የሚሸጠው ወጣት ደግሞ ዕቃው የየት አገር እንደሆነ ሳያይ «የቻይና ስለሆነ ነው» ብሎ ፈረደ። የእኛ ሰው በሽታ ሳያይ መድኃኒት አያዝም ያለ ማን ነው? ማሽን ላይ ሲሆን ደግሞ ሁሉም ሐኪም ነው።

ላፕቶፑ የሚሠራው በሊኑክስ ነው፤ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሲንኪ ላይ ለራሱ ኮምፒውተር ብሎ በጀመረው፣ የዩኒክስን ጠባይ በወረሰ ሥርዓት። አስኳሉ ከርነል ይባላል። ፕሮግራሞች ሁሉ ከብረቱ ጋር የሚነጋገሩት በእሱ በኩል ነው፤ ማራገቢያው፣ ዲስኩ፣ ዋይፋዩ የሚታዘዙት ለእሱ ነው። አንድ ተራ ፕሮግራም ቢሳሳት ይሞታል፣ ሌላው ኑሮውን ይቀጥላል። ከርነሉ ከተሳሳተ ግን ቤቱ በሙሉ ይናጋል። የዚህ ስሕተት ሙያዊ ስሙ «ኡፕስ» ነው፤ በእኛ «ውይ!» ማለት ነው። በቁም ነገር የተጻፉ መመሪያዎች ውስጥ ሳይቀር እንዲሁ ተብሎ ተመዝግቧል።

ዊንዶውስ ሲታመም ለብዙ ዘመን ፊቱን ሰማያዊ አድርጎ ዝም ይል ነበር። ከርነሉ ግን እንደ አገር ቤት ሽማግሌ ነው፤ «ምን ሆነህ ነው?» ካሉት ከተነሳባት ሰከንድ ጀምሮ ያየውን ሁሉ በየመስመሩ ይተርካል። ትረካው ቀልድም አያጣም። ምንጩን የማያውቀው አስቸኳይ ምልክት ከብረቱ ሲደርሰው መደንዘዙንና ግራ መጋባቱን ገልጾ፣ እንዲያም ሆኖ ለመቀጠል እንደሚሞክር ያስታውቃል። ማተሚያው ወረቀት ሳያልቅበት፣ ከመስመርም ሳይወጣ ችግር አለብኝ ካለ ደግሞ «ማተሚያው በእሳት ተያይዟል» የሚል መስመር የአሮጌው አሽከርካሪ ፕሮግራም ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

የሚናገረው በእንግሊዝኛ ብቻ መሆኑ ነው ጉድለቱ። ጥቁሩን ስክሪን በፊደል ማናገር አይቻልም ማለት ግን አይደለም። ከደቢያንና ከኡቡንቱ ጋር በሚመጣው የኮንሶል ጥቅል ውስጥ «ጎሐ» የተባለ የግዕዝ ፎንት አለ። የድሮው የጽሑፍ ስክሪን በአንድ ጊዜ ከ512 በላይ ቅርጽ አይችልም። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ስሪት 3.0 ፊደላችንን ሲያስገባ ቁጥሩ 345 ነበርና ከእንግሊዝኛው ጋር ተጣቦ ይገባል። ኪራዩ የሚከፈለው በቀለም ነው፤ 512 ቅርጽ የፈለገ ሰው ከ16ቱ የጽሑፍ ቀለማት 8ቱን ያስረክባል። ፊደላችን ሰፊ ነው፣ ቤት ሲከራይም ሳሎኑን ይዞ ነው።

ጠጋኙ ትረካውን ከፈተ። መጀመሪያ ያገኘው፣ የማቀነባበሪያው ሙቀት ከወሰኑ ስላለፈ ፍጥነቱ እንዲቀንስ መደረጉን ነው። ብዙዎቹ ላፕቶፖች 100 ዲግሪ ሲጠጉ ራሳቸውን ለማዳን ሥራ ያቀዘቅዛሉ፤ ኡስታዙ «ይንቀራፈፋል» ያሉት ይህንኑ ነው። ጀርባውን ፈታ። ማራገቢያውና የመዳብ ክንፎቹ መሐል ያለው አቧራ አንድ ላይ ተጋግሮ እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ ወጣ። ይህ ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ነፋስ ሥራ ነው፤ ሀቡብ ሰማዩን ሲያቀላው መስኮት ቢዘጉ፣ በር ቢዘጉ፣ ላፕቶፕ ቢዘጉ ያው ነው። ኻሽም አል ጊርባም የታመመው በዚሁ በሽታ ነው። ሲሠራ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ነበር፤ ከደጋው የወረደው ደለል የዚያን ግማሽ ያህል ቦታ ይዞበታል። ስለዚህ በክረምት ጎርፉ ሲመጣ በሮቹን ከፍተው ደለሉን ያጥቡታል። ጠጋኙ ቦይ የለውም፤ የጥርስ ብሩሽና የገዛ ትንፋሹ አሉት። የደረቀውን የሙቀት ፔስት ጠርጎ አዲስ ቀባ፣ ገጠመው፣ አስነሳው። ማራገቢያው ዝም አለ። ጫማ አዳሹ አጨበጨበ።

ኢንተርኔቱ ግን አሁንም እምቢ።

የውስጡ ዋይፋይ በሙቀት ሞቷል፤ ኡስታዙ በምትኩ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ አውራ ጣት የምታህል አንቴና ገዝተዋል። ችግሩ፣ በውስጧ ያለውን ሪልቴክ ቺፕ የሚያሽከረክር ፕሮግራም በእሳቸው ከርነል ውስጥ አለመኖሩ ነው። ጠጋኙ ምንጩን በፍላሽ ይዟል፤ እዚያው ማሽኑ ላይ ሞጁል አድርጎ መገንባትና ከከርነሉ ጋር ማያያዝ አለበት። ይህ ሥራ ዝምድና ይጠይቃል። ሞጁሉ የተገነባው ለየትኛው የከርነል ስሪት እንደሆነ በላዩ ተጽፎበታል፤ አንዲት ቁጥር ብትለይ ከርነሉ «ቅርጹ ትክክል አይደለም» ብሎ ከደጅ ይመልሰዋል።

ግንባታውን የሚመራው «ሜክ» የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ስቱዋርት ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1976 በቤል ላብራቶሪ የጻፈው። የጻፈበት ምክንያትም ደስ ይላል። አንድ ባልደረባው ስሕተቱን አርሞ ሳለ የታረመውን ፋይል እንደገና ማጠናቀሩን ስለረሳ፣ ትክክል የሆነን ፕሮግራም ሲመረምር ጠዋቱን ሙሉ ደከመ። ሜክ የመጣው ይህን ዓይነት ዝንጉነት ለማስቀረት ነው። አሠራሩ እንደ እድር ጸሐፊ ነው፦ የምንጩን ፋይል ቀንና የተገነባውን ቀን ያስተያያል፤ ምንጩ ከቀደመ «ተሠርቷል» ይላል፣ ምንጩ ከዘገየ «እንደገና ይሠራ» ይላል። ከዚያ ሌላ ዕውቀት የለውም።

ጠጋኙ አዘዘ። ሜክ ገነባ፤ ወዲያውም ፋይሉ የተሻሻለው ከአሁን 264 ሚሊዮን ሰከንድ ያህል ወደፊት እንደሆነ፣ የሰዓት መዛባት እንዳለና ግንባታው ጎዶሎ ሊሆን እንደሚችል አስጠነቀቀ። እንደገና አዘዘ። የተሠራውን እንዳልተሠራ ቆጥሮ ከመጀመሪያው ጀመረ። ሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ።

ጠጋኙ የስክሪኑን ጥግ አየ። 2017 ይላል። ዓመቱ ደግሞ 2017 ነው። ምን አጠፋ?

ይህ ሐሳብ ሩብ ሰዓት ወሰደበት፤ ማንም አበሻ ቢሆን ይወስድበት ነበር። የቀን መቁጠሪያችን ከፈረንጁ ሰባትና ስምንት ዓመት ወደኋላ መሆኑ ማሽኑ ለተሳሳተበት ስሕተት ልክ መሸሸጊያ ሆነለት። ማሽኑ የቆመው በጃንዩወሪ 2017 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጠጋኙ ግንቦት 2017 ዓ.ም. ብሎ አነበበለት። ኡስታዙ ግን ዓመቱን ባዩ ጊዜ «ያ ሰላም!» ብለው ሳቁ፤ ለእሳቸው ማሽኑ ስምንት ዓመት ተኝቶ ነው የነቃው።

ከዚህ በኋላ የሌላው ሕመም ሁሉ ሥር ታወቀ። ድረ ገጾች የማይከፈቱት እያንዳንዳቸው ከመቼ እስከ መቼ እንደሚሠራ የተጻፈበት የምስክር ወረቀት ስላላቸው ነው። በ2017 ቆሞ ለሚጠብቅ ማሽን፣ በ2025 የተሰጠ ወረቀት ገና ያልተጻፈ ነው። የነገ ቀን የታተመበት ይለፍ ይዞ ገላባት ኬላ የደረሰ ሰው ምን ይባላል? ዲስኩም ሲመረመር «ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈትኩት ወደፊት ነው» የሚል ቃል ሰጥቷል፤ ፍርድ ቤት ቢሆን ምስክሩ ሰክሯል ይባል ነበር።

ጥፋተኛዋ ሳንቲም የምታህል ባትሪ ናት። ሲአር2032 ትባላለች፤ ስሟ ልኳ ነው፣ 20 ሚሊ ሜትር ወርድ፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት። ላፕቶፑ ሲጠፋም የማይተኛ አንድ ትንሽ ሰዓት አለ፤ 3 ቮልቷ እሱን ታኖራለች። ሰዓቱ የሚቆጥረው በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ክሪስታል ነው። ቁጥሩ እንዲሁ አልተመረጠም፤ 15 ጊዜ ለሁለት ሲከፍሉት ልክ አንድ ሰከንድ ይወጣል። ዓመቱን ግን የሚይዘው በሁለት አሃዝ ነው፤ «17» ይላል፣ የማን አሥራ ሰባት እንደሆነ አይናገርም። ከርነሉ ሲነሳ ይህን ሰዓት አንድ ጊዜ ይጠይቃል፣ የተነገረውን ያምናል፣ ከዚያ በራሱ ይቆጥራል። ባትሪዋ ስትሞት ማዘርቦርዱ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠውን ቀን ያወጣል። የዚህኛው ጃንዩወሪ 2017 ሆነ።

ሰዓቱን ከኢንተርኔት ማስተካከል ይቻላል። ኢንተርኔት ግን አንቴናዋን ይፈልጋል። አንቴናዋ ሞጁሉን። ሞጁሉ ሜክን። ሜክ ደግሞ ሰዓቱን። ዶሮ ነው እንቁላል ነው የቀደመው የሚሉት ክርክር እዚህ አስኳሉ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

ጠጋኙ የሄደበት መንገድ እንደ ሙያ ሲታይ የሚያኮራ አይደለም፤ ቀኑን በእጁ ጻፈው። ግንቦት 12ን በጣቱ ቆጥሮ ሜይ 20 ቀን 2025 አደረገ። ለሰዓቱ ዞር ብሎ «እትዬ፣ ስንት ሰዓት ነው?» አለ።

«አምስት ሊሆን ነው የኔ ልጅ። ምነው ራበህ?»

አምስትን ወደ አስራ አንድ ገልብጦ አስገባ። ሜክ በዚህ ጊዜ ሳያጉረመርም ጨረሰ።

ግንባታው እስኪያልቅ በማሽኑ ላይ የሚሮጡትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ከፍቶ ነበር፤ እትዬ ሲኒ ስታቀርብ ስክሪኑ ላይ ጣቷን ቀሰረች። በዩኒክስ ዓለም ከጀርባ ሆኖ የሚያገለግል ፕሮግራም ዲመን፣ ማለትም ጋኔን ይባላል። ይህን ሲተረጉምላት አማተበች።

«ታዲያ ጠበል አይረጩበትም?»

«ውሃ ካገኘው እሱም አይተርፍ፣ እትዬ።»

ከዝርዝሩ አንዱ «ዞምቢ» ተብሎ ተጽፏል፤ የሞተ ግን ያልተቀበረ ማለት ነው። በትእዛዝ አይገደልም፣ አስቀድሞ ሞቷልና። ከዝርዝሩ የሚወጣው የወለደው ፕሮግራም መጥቶ «ልጄ እንዴት ሞተ?» ብሎ ሲጠይቅና መልሱን ሲቀበል ብቻ ነው። እትዬ ይህን ማብራሪያ አላስፈለጋትም። «መርዶው አልደረሰማ» አለች። ወላጁ ቀድሞ ከሞተ ደግሞ ሂደት ቁጥር 1 ሙት ልጁን በጉዲፈቻ ወስዶ መርዶውን ይቀበልለታል። የዩኒክስ መጻሕፍት ይህን በብዙ ገጽ ያስረዳሉ፤ ልጇ ድንበር ለተሻገረባት አገር ግን ሁለት ቃል በቃት።

ሞጁሉ ገባ፣ አንቴናዋ አረንጓዴ መብራቷን አበራች። ከርነሉ ግን ወዲያው አንድ መስመር ጻፈ፦ ከራሱ ምንጭ ውጪ የመጣ ሞጁል ስለተቀበለ ረክሷል። ቀልድ አይደለም፣ የመዝገብ ቃል ነው። ጾም እንደ መግደፍ ያለ ነገር ነው፤ ሞጁሉን መልሰው ቢያወጡት እንኳ ማሽኑ ጠፍቶ እስኪነሳ ድረስ ምልክቱ አይነሳም። ከርነል ጸሐፊዎች እንዲህ ያለ ምልክት ካለበት ማሽን ለሚመጣ አቤቱታ ጆሮ ለመስጠት አይቸኩሉም። ከውጭ ገብቶ ሥራ የያዘ ሰው በየአገሩ እንዲህ ነው የሚመዘገበው፤ አንቴናዋ ግን ሠራች።

ኔትወርኩም ያን ቀን ደግነት ነበረው። ማሽኑ ከዓለም ሰዓት ጋር እንደተገናኘ ገና አስራ አንድ ያለው ሰዓት ወደ አስር ተመለሰ። ጠጋኙ ያኔ ነው የእትዬ ሰዓት የመተማ መሆኑ ትዝ ያለው። ከሰዓቱ አጠገብ ያለችው ምልክትም ተለውጣለች። ማሽኑ በጃንዩወሪ 2017 ቆሞ ሳለ የካርቱምን ሰዓት «ምሥራቅ አፍሪካ» ይለው ነበር፤ አሁን «መካከለኛው አፍሪካ» ይላል። የሰዓት ቀጣናዎች መዝገብ ሕጉን የሚያነበው ማሽኑ ባመነበት ቀን ነው፤ በዚያ ቀን ደግሞ የኖቬምበሩ ውሳኔ ገና አልተላለፈም። ላፕቶፑ ባትሪው ሞቶ ሳለ፣ ገበያው ውስጥ ከእትዬ ቀጥሎ የአዲስ አበባን ሰዓት የያዘ እሱ ብቻ ነበር።

ኡስታዙ ሒሳባቸውን ከፍለው፣ ጠጋኙ በሞተችው ምትክ የገጠማት አዲሷ ባትሪ ስንት ዓመት እንደምታቆይ ጠየቁ። ጥቂት ዓመታት። መደርደሪያው ላይ ወዳለው አቧራ የለበሰ አሮጌ 32 ቢት ኮምፒውተርም ጠቆሙ፦ «ይሄስ?»

የእሱ ጉዳይ ሌላ ነው። ከርነል ወርና ዓመት አያውቅም፤ የሚያውቀው ከጃንዩወሪ 1 ቀን 1970፣ በእኛ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ ነው። መስከረምና ጳጉሜን፣ ጃንዩወሪና ረመዳን ከላይ የሚለበሱ ልብሶች ናቸው፤ ኢማክስ የተባለው አሮጌ የጽሑፍ ማዘጋጃ የእኛንም አቆጣጠር ለብሶ ይገኛል። የኒው ሀልፋ ሰዎች ከባቡር የወረዱበት 1964 ለከርነሉ ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ነው። አሮጌ 32 ቢት ማሽን ደግሞ ሰከንዶቹን የሚያጠራቅምበት ቋት ጠባብ ነው፤ ቋቱ የሚሞላው እ.ኤ.አ. ጃንዩወሪ 19 ቀን 2038 ነው። በእኛ ጥር 11 ቀን 2030፣ ጥምቀት። ደቂቃውም ይታወቃል፦ በኢትዮጵያ ንጋት 12 ሰዓት ከ14፣ በኒው ሀልፋ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ14፤ ታቦት ያደረበት ባሕር ሊባረክ ሲል። ሊኑክስ በ32 ቢት ማሽን ላይ ቋቱን ያሰፋው እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ስሪት 5.6 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት በተጫነ ከርነል የቀረ ማሽን በዚያች ሰከንድ ወደ ዲሴምበር 13 ቀን 1901 ይወድቃል፤ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894፣ ምኒልክ ዙፋን ላይ፣ ኒው ሀልፋ የሌለችበት ሜዳ። እዚያ ሆኖ የመተማን ሰዓት ይዞ ይሂድ ወይስ የገላባትን ቢሉት መልስ አይኖረውም። ድንበሩን የሚያሰምረው ውል አዲስ አበባ ላይ የሚፈረመው ገና ከአምስት ወር በኋላ፣ ግንቦት 7 ቀን ነው።